ከ138 ወንበር 137ቱ

ዛሬ ከአጎቴ ልጅ ጋር ስለ አዲስ አበባ ምክር ቤት ምርጫ ስናወራ አመሸን። በ1997 ገና ጨቅላ ነበር። ተቃዋሚው ቅንጅት ከ138ቱ ወንበር 137ቱን አሸነፈ ስለው ዓይኑን አፈጠጠብኝ። «ታዲያ ለምን ከተማዋን አላስተዳደሩም?»

እውነቱን ነው። ያን ግንቦት 7 መቼም አልረሳውም። ገና ሳይነጋ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ ነበር። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ፣ የምርጫ ካርዷን በሁለት እጇ ይዛ ስትጠብቅ አሁንም ይታየኛል። ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ የመረጠው ምክር ቤት ግን ሥራ አልጀመረም። ውጤቱ አወዛገበ፣ ደም ፈሰሰ፣ የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ። ከተማዋ ለባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች።

በሚያዝያ 2000 ምርጫው ሲደገም የያኔው ገዥ ፓርቲ ኢህአዴግ ከ138ቱ 137ቱን ወሰደ። ያው ቁጥር፣ ሌላ ባለቤት! በሦስት ዓመት ውስጥ የከተማው ሰው ልብ እንዲህ ተገለበጠ ብዬ አላምንም። ቅንጅት ተበታትኗል፣ ሌሎች ተቃዋሚዎችም ራሳቸውን አግልለዋል። ሕጉም አለበት። ብዙ ድምፅ ያገኘ ወንበሩን ጠቅልሎ ይወስዳል፣ የተሸናፊው ድምፅ ሜዳ ላይ ይቀራል። ይሄ በ1997 ለቅንጅት ሠርቷል፣ በ2000 ደግሞ ለኢህአዴግ።

እኔ ድምፅና ወንበር የሚመጣጠኑበት ሥርዓት ቢኖረን እመርጣለሁ። የውሃና የመንገድ ጉዳይ የሚወሰንበት ቤት ውስጥ የሚሞግት ሰው ያስፈልጋል። ልጁ ግን አልተስማማም። «እንዲህ ከሆነ አንድ ፓርቲ ብቻውን አይበቃም፣ ጥምር መንግሥት ሲጨቃጨቅ ደግሞ ሥራው ይቆማል» ብሎ ተከራከረኝ። ነገም እንቀጥላለን።