ላዳ፣ የሱሉልታ ዳገት እና ኮፈን ስር የሚታፈን ሙቀት

የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ ስራዬ ፒያሳ፣ መኪናዬ ደሞ ላዳ 2107። እነዚህ ሶስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ማታ ማታ ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ እንጦጦን መውጣት አለ፣ ከፊት ጭነት የሞላ ሲኖትራክ ከኋላ አይሱዙ፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቁ ዓይንን ከሙቀት ጌጁ ላይ አለመንቀል። ሰው ሱሉልታ ጋቢ የሚያስለብስ ብርድ እያለ መኪና እንዴት ይፈላል ይላል፣ ግን ዳገቱ ዳር ኮፈን ከፍተው የቆሙ አሮጌ መኪኖችን ያላየ የሰፈሬ ሰው የለም። ቀይራት የሚሉኝም አሉ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው፣ በ2016 ደሞ የነዳጅ መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ፣ ስለዚ በእጅ ያለውን በደንብ መያዝ ነው እንጂ ሌላ ምን አለ። ላዳዬን ደሞ እወዳታለሁ።

ነገሩ የገባኝ ከፍታውን ሳስብ ነው። ባህር ዳርቻ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ አዲስ አበባ ላይ ግን 92 አካባቢ ነው፣ እንጦጦ ላይ 3,000 ሜትር ስትጠጉ ወደ 90 ይወርዳል። አሁን የላዳን የኤሌክትሪክ ፋን ተመልከቱ፣ ራዲያተሩ ስር ያለችው ሴንሰር በብዙዎቹ ላይ ፋኑን በ92 ታስነሳና በ87 ታጠፋለች። መኪናዋ የተሰራችው ቮልጋ ወንዝ ዳር ቶሊያቲ የሚባል ከተማ ነው፣ ከባህር ጠለል ብዙም ከፍ አይልም፣ እዛ 92 ላይ ፋን ቢነሳ ውሃው ከመፍላት ገና ሩቅ ነው። እኛ ጋ ግን ራዲያተሩ ግፊት ካልያዘ ፋኑ በሚነሳበት ሰዓት ውሃው መንተክተክ ጀምሯል። በዛ ላይ አየሩ ሳስቷል፣ በኛ ከፍታ ያው አንድ አይነት መጠን ያለው አየር ክብደቱ ከባህር ጠለሉ ሩብ ያህል ይቀንሳል፣ ስለዚ በራዲያተሩ ሲያልፍ ይዞት የሚሄደው ሙቀትም እንደዛው ያንሳል።

ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት ክዳኑን የያዝኩት። የላዳ ራዲያተር ክዳን 0.5 ባር ይይዛል፣ ትንሽ ይመስላል ግን እኛ ጋ የመፍያውን ነጥብ ከ92 ወደ 105 ገደማ ይወስደዋል። የኔው ላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር፣ ስፕሪንጉ ላልቷል፣ ሶማሌ ተራ ሄጄ አዲስ ገዛሁ፣ ሲገዙ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ነው። ከፍ ያለ ግፊት ያለው ይሻላል ብሎ የሌላ መኪና ክዳን መግጠም አልመክርም፣ የላዳ የውስጥ ማሞቂያ ራዲያተርና ቧንቧዎቹ አርጅተዋል፣ በደካማው ጋ ይፈነዳል። ግፊት መያዙን ለማወቅ ሞተሩ ሲሞቅ የላይኛውን የራዲያተር ጎማ በወፍራም ጨርቅ ጨበጥ ማድረግ ነው፣ ጠንከር ማለት አለበት። በትኩሱ ክዳኑን እንዳትነኩት፣ ግፊቱ በተለቀቀ ቅጽበት 100 ዲግሪ የነበረው ውሃ ሁሉም አንዴ ይፈላና ፊት ላይ ነው የሚመጣው። እና ክዳን ተቀይሮ፣ ውሃ ሞልቶ፣ ሞተር እየሰራ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ስር ያለው ማሸጊያ) ተበላሽቷል ማለት ነው፣ እሱ ሳይሰራ ሌላ ነገር ላይ ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው።

ቀጥሎ ቴርሞስታት፣ ውሃው መቼ ወደ ራዲያተር እንደሚሄድ በሙቀቱ የሚወስነው። መኪናዋን ስገዛ የቀድሞው ባለቤት «አዲስ አበባ ቴርሞስታት አያስፈልግም» ተብሎ ሆዱን አስወጥቶ ባዶውን አስገጥሞት ነበር። ይሄ እኮ በሁሉም ሰፈር የሚባል ነገር ነው። አዲሱ ገበያ አካባቢ ከድሮ ጀምሮ ላዳ ብቻ የሚሰሩ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ ወሰድኩላቸው።

«ጋሼ፣ ያለ ቴርሞስታት ውሃው እንደልቡ ስለሚዞር ይቀዘቅዛል አይደል የሚባለው?»

«ማነው ያለህ? ና እዚህ ጋ እይ ልጄ፣ ይሄ ባለ ሶስት አፍ ነው። ውስጡ ሲወጣ ይቺኛዋ አፍ የሚዘጋት አጣች። ግማሹ ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ እዚሁ ዞሮ ሞተር ይገባል። አንተ ቀዝቅዟል ትላለህ፣ ዳገት ላይ ታየዋለህ።»

እውነታቸውን ነው። የላዳ ቴርሞስታት ከሞተሩ ውጪ በጎማ ቧንቧ የተንጠለጠለ ነው፣ ሲሞቅ የራዲያተሩን መንገድ ከመክፈቱ ጋር አቋራጩን ይዘጋል፣ ይሄ መዝጋቱ ነው ዋናው ስራው። አዲስ አስገጠምኩ፣ እግረ መንገዴንም የቧንቧ ውሃውን አስደፍቼ ሲስተሙን አስጠብኩና ግማሽ ኩላንት ግማሽ የባትሪ ውሃ ሞላሁ፣ ወደ 10 ሊትር ነው የሚይዘው ከነማሞቂያው። ሲሞላ የማሞቂያው ቧንቧ ክፍት ይሁን፣ አለዚያ አየር ይታፈናል።

ከዛ የአየሩን መንገድ ተከተልኩት። ሱሉልታ የድርቆሽ አገር ነው፣ ድርቆሽ ከጫነ መኪና ኋላ የነዳ ያውቀዋል፣ ብጣቂው ሁሉ ራዲያተር ላይ ይለጠፋል፣ በላዩ አቧራ በላዩ ጭቃ። ላቫጆ ላይ በፕሬዠር ከፊት ሲመቱት የባሰ ወደ ውስጥ ይጠቀጥቁታል፣ ስስ ክንፎቹንም ያጣጥፋሉ። እኔ ፋኑን ፈትቼ ከሞተር በኩል ወደ ውጪ በቀስታ በቧንቧ ውሃ ነው ያጠብኩት፣ የወጣውን ጭቃ ብታዩት። ሌላው ሰው የማያየው ነገር በራዲያተሩና በፊት ለፊቱ ቆርቆሮ መሀል ያለው ክፍተት ነው። ዳር ዳሩ ላይ ላስቲክ ነበረው፣ በዕድሜ ረግፎ አልቋል። ላስቲኩ ከሌለ ከፊት የገባው ቀዝቃዛ አየር ቀላሉን መንገድ መርጦ በራዲያተሩ ጎን ሾልኮ ያልፋል፣ ቆማችሁ ፋን ሲሰራ ደሞ ይብሳል፣ ሞተር ጋ የሞቀው አየር በዛው ክፍተት ወደ ፊት ዞሮ ተመልሶ በራዲያተሩ ይሳባል። የአሮጌ ጎማ ካላማዳሪ በቁራጭ ቆርጬ ዙሪያውን ደፈንኩት፣ የፋኑንም ዙሪያ መከለያ መልሼ አስገጠምኩ። ወጪው ከምንም አይቆጠር፣ ለውጡ ግን ዳገቱ ላይ ጌጁ ሲረጋ ነው የሚታየው፣ እኔ እንደሚመስለኝ ከክዳኑ ቀጥሎ ትልቁ ስራ ይሄ ነው።

ፋኑ ይዞር ነበር ግን ሰነፍ ነው። በቴስተር ስለካው የፋኑ ሞተር ጋ የሚደርሰው ቮልት ባትሪው ላይ ካለው በጣም ያነሰ ነው፣ ያረጀ ሽቦ፣ የዛገ ማያያዣ። ከባትሪ በፊውዝና በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) ወፍራም ሽቦ አዘረጋሁለት፣ ሴንሰሯ ሪሌውን ብቻ ነው አሁን የምታዘው። ድምፁ ራሱ ተቀየረ።

እስካሁን ያወራሁት የውሃውን ሙቀት ነው፣ ጌጅ የሚያሳየውን። ጌጅ የማያሳየው ሌላ ሙቀት አለ፣ ላዳን ዳገት ጨርሳ ሱሉልታ ሱቅ በር ላይ ለ10 ደቂቃ ካቆማችኋት በኋላ አልነሳም የሚያስብላት። ላዳ ላይ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተርና ጭሱን ከሞተር የሚያወጣው የጭስ ማኒፎልድ በአንድ ጎን ናቸው፣ ጭሱ ከስር ካርቡራተሩ ከላይ። ቤንዚን ውስጥ ያለው ቀለል ያለው ክፍል ከ35 እና 40 ዲግሪ ጀምሮ መትነን ይጀምራል፣ በኛ ከፍታ ከዛም ቀደም ብሎ። ሞተሩ ሲጠፋ ፋን የለም፣ ቤንዚን አይፈስም፣ የማኒፎልዱ ሙቀት በሙሉ ወደ ላይ ይወጣል፣ ካርቡራተሩ ዳገት ላይ ከነበረው በላይ የሚሞቀው ቆሞ ነው። የካርቡራተሩ ትንሽ ገንዳ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይፈላና ወደ ሞተሩ ይንጠባጠባል፣ ሞተሩ በቤንዚን ይሰጥማል። የታክሲ ሹፌሮች እርጥብ ጨርቅ ቤንዚን ፖምፓው ላይ ጣል ያረጋሉ፣ ፖምፓው ወይ ቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ሲያዝ ይረዳል፣ የካርቡራተሩን ግን አይነካም።

ፋብሪካው ለዚህ ሁለት ነገር ሰጥቷት ነበር። አንዱ ካርቡራተሩ ስር የምትገባ ቴክስቶላይት የምትባል ወፍራም ቡናማ ሰሌዳ፣ ሙቀት አታሳልፍም። ሁለተኛው በማኒፎልዱና በካርቡራተሩ መሀል የሚዘረጋ የቆርቆሮ ጋሻ። የኔ ላይ ሰሌዳዋ በቀጭን ወረቀት ጓርኒሲዮን ተተክታለች፣ ጋሻው የለም። ሰሌዳዋን ሶማሌ ተራ አገኘኋት፣ ጋሻውን መርካቶ ቆርቆሮ ለሚቀጠቅጥ ልጅ በካርቶን ልክ ሰጥቼ በአሉሚኒየም አሰራሁት። ሲሰራ ዋናው ነገር ከማኒፎልዱ ጋር እንዳይነካ ነው፣ ከላይም ከታችም አየር ማለፍ አለበት፣ ከተጣበቀ ራሱ ግሎ ሙቀቱን ያሳልፋል። የቤንዚን ጎማውንም ከሞተሩ ጋር ከሚነካካበት አንስቼ አራቅሁት። አየር ማጣሪያው ላይ የበጋና የክረምት አቅጣጫ አለ፣ ክረምቱ ላይ ከሆነ አየሩን ከጭስ ማኒፎልዱ አጠገብ ሞቆ ነው የሚስበው፣ የሩሲያ በረዶ ለኛ የለም፣ ዓመቱን ሙሉ በጋው ላይ ይሁን።

የማቃጠያ ሰዓቱንም፣ ሻማው እሳት የሚሰጥበትን ማለት ነው፣ አሳየሁ፣ ወደ ኋላ የዘገየ ከሆነ እሳቱ ሲሊንደር ውስጥ ስራውን ሳይጨርስ ጭስ ማውጫው ውስጥ ስለሚያልቅ ማኒፎልዱ ግሎ ይቀላል፣ ጋሼ ትንሽ ወደ ፊት አመጡት።

ማኒፎልዱን በሙቀት ጨርቅ ጠቅልለው የሚሉኝ ነበሩ፣ አላደረግኩትም። ጨርቁ እርጥበት ይይዛል፣ በኛ ክረምት ደሞ እርጥበት ምን ይጎድላል፣ ከስር ዝገትና ስንጥቅ ሲመጣ አይታይም። የኮፈኑን የመስታወት በኩል ጫፍ ከፍ አድርጎ መንዳትም አለ፣ ላዳ ኮፈኗ ወደ ፊት ስለሚከፈት ይመቻል። ትራፊክ ላይ ቆማችሁ ሙቀት ይወጣል እሺ፣ ስትነዱ ግን መስታወቱ ስር አየር ስለሚከማች ከመውጣት ይልቅ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ የካቢኑ አየር መግቢያም እዛው ስለሆነ የሞተር ጭስ እናንተና ልጆቻችሁ ናችሁ የምትስቡት። ይሄን እባካችሁ ተዉት።

አሁን ዳገቱን ስጨርስ ቶሎ አላጠፋትም፣ ሚኒሞ ላይ፣ ቤንዚን ሳልረግጥ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ትሰራለች። ሞቃ እያለች ስትነሳ እምቢ ካለች ቤንዚን ፔዳሉን ሳልደጋግም አንዴ እስከ ታች ረግጬ ይዤ ነው የማስነሳት፣ የተጠራቀመው ቤንዚን በአየር ይጠረጋል። ዳገት መሀል ጌጁ ከፍ ካለ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው እከፍታለሁ፣ ሁለተኛ ራዲያተር ማለት ነው፣ ለሱሉልታ ብርድ ደሞ ማን ይጠላዋል።

ጎረቤቴ አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ አለው፣ 4ኬ ሞተር፣ እሱም ጭሱና ካርቡራተሩ በአንድ ጎን ነው፣ በሚቀጥለው እሁድ እሱ ላይ ነው የምንሰራው። ክዳኑ 0.9 ባር ነው የሚለው፣ ቀድመን የምናየው እሱን ነው፣ ከዛ የጋሻውን ልክ በካርቶን እንወስዳለን።