ቀጭኑ ልጅ በእግሩ ያሸንፋል

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የ10 እና የ11 ዓመት ልጆችን የአሜሪካ ፉትቦል አሰለጥናለሁ። የኔ ድርሻ ዲፌንሲቭ ላይኑ ነው። አንድ እጃቸውን ሣሩ ላይ አድርገው ከተጋጣሚው ፊት ለፊት የሚሰለፉት አራቱ ልጆች ማለት ነው። አበሻ ወላጆች ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ልጄ ቀጫጫ ነው፣ አይጨፈልቁትም ወይ?» ብለው ነው። ቆሞ ከተጋፋማ ይጨፈልቁታል። ከተንቀሳቀሰ ግን አያገኙትም።

መጀመሪያ የማስተምረው ዓይን ነው። ጨዋታው የሚጀምረው ሴንተሩ፣ ማለትም ኳሷን ከመሬት ወደ ኋላ የሚያቀብለው የተጋጣሚ ተጫዋች፣ ኳሷን ሲያንቀሳቅስ እንጂ የሚቀበለው የማጥቃቱ መሪ ኳርተርባኩ ሲጮህ አይደለም። ብልጥ ኳርተርባክ ድምፁን እየቀያየረ «ሃት! ሃት!» ይልና ልጁን ያስዘልለዋል። ኦፍሳይድ! ኳሷ ሳትንቀሳቀስ መስመር አለፈ፤ 5 ያርድ ለተጋጣሚ በነፃ ሄደ። ስለዚህ ኳሷን መሬት ላይ ይዤ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እጮኻለሁ፤ ማንም አይነቃነቅም። ከዚያ ድምፅ ሳላሰማ ላጥ አደርጋታለሁ። አራቱም እኩል መነሳት አለባቸው።

ቀጥሎ ስላንት ይመጣል። ፊት ለፊትህ ያለውን አጋጅ ትተህ በጎኑ ወዳለው ክፍተት በሰያፍ መግባት ነው። ወደ ቀኝ ከሆነ ቀኝ እግር ይቀድማል፤ አጭር እርምጃ፣ ስንዝር ብትሆን ነው። ከዚያ ግራ እግር ተሻግሮ ወደፊት ያርፋል፤ ግራ ክንድ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ተወንጭፎ በአጋጁ ብብት ስር ያልፋል። ልጆች የመጀመሪያውን እርምጃ ማስረዘም ይወዳሉ። እርምጃው ሲረዝም ወገብ ቀጥ ይላል፣ ደረት ይከፈታል። ያኔ አጋጁ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አሳርፎ ወደፈለገበት ይወስደዋል። እኔ በጎን ተንበርክኬ የማየው እግራቸውን ነው።

አብሮ መሄድም አለ። ሦስቱ ወደ ቀኝ ሄደው አንዱ ከቀረ መሃላቸው በር ይከፈታል፣ ኳስ ተሸካሚው ይሾልካል። ከኋላ ያሉት ላይንባከሮችም ስላንቱ ወዴት እንደሆነ ማወቅ አለባቸው፤ የተተወውን ክፍተት የሚዘጉት እነሱ ናቸው። ኳሷ በተነሳች ቁጥር ግን ስላንት አላዝም። የተጋጣሚ አሰልጣኝ አንዴ ከነቃብን በተቃራኒው ይሮጥብናል።

ትልቁን ከትልቁ አጋጭቶ «ማን ወደቀ?» የሚል ልምምድ ፈጽሞ አልወድም። ጭንቅላቱን ደፍቶ የሚገባ ልጅ ካየሁ እዚያው አስቆማለሁ።

ለሚጠራጠሩኝ በዲፌንሲቭ ላይን ይጫወት የነበረውን አሮን ዶናልድን አነሳለሁ። ራምስ የሚባለው ቡድን በ2014 ሲመርጠው ለቦታው አጭር ነው የሚሉ ነበሩ። በ2017፣ በ2018 እና በ2020 የኤንኤፍኤል፣ ማለትም የአሜሪካ ፉትቦል ፕሮፌሽናል ሊግ፣ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሆነ። ቪዲዮውን ሳሳያቸው ልጆቹ በጡንቻው ይደመማሉ፤ እኔ ደጋግሜ የማቆምላቸው እጁና የመጀመሪያ እርምጃው ላይ ነው።

ልጁን ቤት ውስጥ ማለማመድ የሚፈልግ ወላጅ ኳስ እንኳ አያስፈልገውም። የተጠቀለለ ካልሲ መሬት ላይ ይያዝ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይጩህ፤ ልጁ ካልሲው ሲንቀሳቀስ ብቻ ይነሳ። ኮሪደሩ ይበቃል።