በየትኛው ዱላ ነው የመታው?

አሜሪካ ውስጥ ለአንድ የቤዝቦል ክለብ ነው የምሠራው። ሥራው ከሩቅ ሲሰሙት ያጓጓል፤ ውስጡ ሲገቡ ግን አብዛኛው ሰንጠረዥ መሙላት ነው። መልማዮች ከየስቴቱ ስለ ወጣት ተጫዋቾች የሚልኩትን ሪፖርት፣ ቪዲዮና ቁጥር አሰባስቤ፣ አጣርቼ ለስብሰባ አቀርባለሁ። «ይህን ልጅ እንውሰድ» ብሎ የመወሰን ሥልጣን የለኝም። ወንበር ግን አለኝ። ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ሰዎች እንዴት እንደሚፈርዱ አያለሁ።

ፍርዱ የሚሰጠው ለድራፍት ነው። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ክለቦች ተራ በተራ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ከኮሌጅ ተጫዋች ይመርጣሉ። ከ2021 ጀምሮ ምርጫው 20 ዙር ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ቀኑ ሲቃረብ እኛ ጋ አንድ ክፍል ይዘጋል። ግድግዳው በስም ይሞላል። ቡናው አያልቅም፤ ክርክሩም አያልቅም።

ያን ዓመት ሁሉም አፍ ላይ የነበረው አንድ የ18 ዓመት ልጅ ነው። ስሙ ይቅር። ረጅም ነው፤ ትከሻው ሰፊ ነው፤ ገና ከመኪና ሲወርድ ተጫዋች መሆኑ ያስታውቃል። ሰንጠረዡ ላይ ከስሙ ትይዩ አንድ ቁጥር ነበር፤ በሰዓት 179 ኪሎ ሜትር። ይህ ልጁ የመታት ኳስ ከዱላው ስትነሳ የነበራት ከፍተኛ ፍጥነት ነው። በዋናው ሊግ 153 ኪሎ ሜትር የደረሰ ምት «ጠንካራ» ተብሎ ይመዘገባል። ይሄ ደግሞ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው። ክፍሉ ሞቅ አለ።

የክፍሉ ኃላፊ ወጣት ነው፤ ፈጣን፣ ቀልጣፋ። «በቃ፣ ይሄ ኮከብ ነው» አለ። ማንም አልተቃወመም። አንዱ እንዲያውም የጉልበቱን ነጥብ ወደ 70 እናንሳው አለ።

ነጥቡን ላስረዳ። መልማዮች ተጫዋችን የሚመዝኑት ከ20 እስከ 80 ባለው መለኪያ ነው። 50 ማለት በዋናው ሊግ መካከለኛ ማለት ነው። መቺ ተጫዋች በአምስት ነገር ይለካል፤ ኳሷን አግኝቶ በመምታት፣ በጉልበት፣ በሩጫ፣ በክንድ ጥንካሬና በመከላከል። ለእያንዳንዱ ሁለት ነጥብ ይጻፋል። አንዱ የዛሬው ነው፤ ሌላው ወደፊት ይደርስበታል የሚባለው። የዛሬውን ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። ደሞዝ የሚከፈለው ለሁለተኛው ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚያው ላይ።

ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አንድ አንጋፋ መልማይ ተቀምጠው ነበር። ዕድሜያቸው ከ70 አልፏል፤ ኮምፒውተር አይወዱም፤ የሚጽፉት በእርሳስ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቃል አልተነፈሱም። ወደ እኔ ዞረው «እስቲ ያችን 179 ያመጣችውን ምት አሳየን። ድምፁን ከፍ አድርገው» አሉኝ።

ከፈትኩት። ልጁ ሰውነቱን ጠምዝዞ መታ። ከድምፅ ማጉያው «ቲንግ» የሚል ድምፅ ወጣ።

«በየትኛው ዱላ ነው የመታው?»

ዝም ተባለ። ድምፁ የብረት ነው። የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ኮሌጅ ተጫዋቾች በብረት ዱላ መጫወት ይፈቀድላቸዋል። ከፍ ወዳለው ፕሮፌሽናል ደረጃ ሲገቡ ግን እንጨት ብቻ ነው። ቁጥሩን የላከልን አንድ የወጣቶች ማሳያ ውድድር የሚያዘጋጅ ድርጅት ነበር። የፋይሉ ዓምድ ፍጥነቱን ይዟል፤ የዱላውን ዓይነት አልያዘም።

ሽማግሌው በዚህ አላበቁም። «ማን ነው የወረወረለት?» አሉ። ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለስኩት። የሚወረውረው ሆዱ ቀደም ያለ አሠልጣኝ ነው፤ ከቅርብ ርቀት፣ እየሳቀ፣ መሐል ለመሐል። ልምምድ ነበር።

ኃላፊው ተከራከረ። የአሁኖቹ የብረት ዱላዎች ኳሷን ከእንጨት ብዙም አያስበልጡም፤ ከዛሬ አሥር ምናምን ዓመት በፊት በወጣው ደንብ ኃይላቸው ተቀንሷል አለ። እውነቱን ነው። ሽማግሌውም ይህን አልካዱም። የእሳቸው ነገር ሌላ ነው። ብረት የሚያማልለው በጥሩ ምት ሳይሆን በመጥፎው ነው አሉ። ኳስ ወደ መቺው እጅ ጠጋ ብላ ስትመጣና በቀጭኑ የዱላ ክፍል ስትነካ፣ እንጨት ይሰበራል፤ ኳሷም ልፍስፍስ ብላ ትወድቃለች። ብረት ግን አይሰበርም፤ ያችኑ ኳስ ከሜዳ ተከላካዮቹ አናት በላይ አሳልፎ ይጥላታል። ለልጁ የተሳካ ምት ይቆጠርለታል፤ ዘግይቶ መምታቱን ማንም አይነግረውም። በዚህ ዓይነት ለዓመታት ሲሞገስ ይኖራል።

«እንጨት ይዞ፣ ከባድ ወርዋሪ ገጥሞት ያደረገውን አምጣልኝ» አሉኝ። «የመታውን ተወው። ያልመታውን ነው የምፈልገው።»

በማግስቱ ያንን ይዤ ቀረብኩ። በበጋው ውድድሮች በእንጨት የተጫወተባቸውን ግጥሚያዎች ለይቼ፣ ሆም ረኖቹን፣ ማለትም ከሜዳው አጥር በላይ ያሳለፋቸውን ምቶች፣ በሙሉ አውጥቼ ጣልኩ። የቀሩት ኳሶች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ያለፋቸው፣ የሳታቸው፣ ነክቶ ያበላሻቸው። እንዲህ ሲታይ ልጁ ሌላ ሰው ሆነ።

አንዷን የመምቻ ተራውን እስካሁን አልረሳኋትም። ወርዋሪው መጀመሪያ ፈጣን ኳስ ከፍ አድርጎ ላከ። ልጁ ነካት፤ ወደ ኋላ ሄደች። ቀጥሎ ስላይደር መጣች። ስላይደር መሐል የምትመጣ መስላ መጨረሻ ላይ ወደ ጎን የምትንሸራተት ኳስ ናት። የልጁ የፊት ዳሌ ገና ኳሷ ሳትደርስ ተከፈተ፤ ዱላው አየር ቀዘፈ። ኳሷ የወደቀችው ከሆም ፕሌቱ (መቺው አጠገቡ ከሚቆምበት መሬት ላይ ያለ ሰሌዳ) ጠርዝ ስንዝር ርቃ ነው። ወርዋሪው ሞኝ አይደለም፤ ያችኑ ደገማት። ልጁም ደገመው።

ሽማግሌው «አቁም» አሉ። ምስሉ ላይ ኳሷ መንገዱን ገና አላጋመሰችም። «መወሰን ያለበት እዚህ ጋ ነው» ብለው በእርሳሳቸው ስክሪኑን ነኩ። ወርዋሪው ከሆም ፕሌቱ የሚርቀው 18.44 ሜትር ነው። በሰዓት 153 ኪሎ ሜትር የምትወረወር ኳስ ይህን ርቀት የምትጨርሰው በ0.4 ሰከንድ ገደማ ነው። መቺው በዚህ ውስጥ ኳሷን አይቶ፣ ዓይነቷን ለይቶ፣ ልምታ ወይስ ልተዋት ብሎ ቆርጦ፣ ዱላውን ማድረስ አለበት። ጡንቻ የሚያስፈልገው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ጉልበት በጂምም ይመጣል፤ ሰውነት ሲጠነክርም ይጨምራል። ይህን ማየት ግን አንዳንዱ ይማረዋል፤ አብዛኛው አይማረውም። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ሪፖርት ሳነብ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚህ ነው።

ከዚያ እንደ ልማዱ የስም ክርክር ተነሳ። ቤዝቦል ቤት ስም የማይጠቅስ የለም። አንዱ አልበርት ፑሆልስን አነሳ፤ በ1999 በ13ኛው ዙር፣ በ402ኛ ተራ ተመርጦ 703 ሆም ረን መትቶ ጡረታ ወጣ። ሌላው ማይክ ፒያዛን ጠራ፤ በ1988 በ62ኛው ዙር፣ ለአሠልጣኝ ውለታ ሲባል የተመረጠ፣ በኋላ በ2016 ከታላላቆቹ መዝገብ የገባ። ሆሴ አልቱቬም አልቀረም። አጭር ነህ ተብሎ ከሙከራ ተመልሷል፤ በማግስቱ ተመልሶ ሄዶ በ15,000 ዶላር ፈረመ፤ በ2017 የአሜሪካን ሊግ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። ከወዲያኛው ወገን ደግሞ ብሪየን ቴይለር መጣ። በ1991 የአገሪቱ አንደኛ ምርጫ ነበር፤ 1.55 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው፤ ከሜዳ ውጭ በተነሳ ጠብ ትከሻውን ተጎድቶ ዋናውን ሊግ ሳያይ ቀረ። ቢሊ ቢንም ተጠራ። በ1980 በመጀመሪያው ዙር ሲመረጥ መልኩም አካሉም የኮከብ ነበር፤ በዋናው ሊግ ግን የምት አማካዩ 0.219 ብቻ ሆነ። ለማያውቅ ሰው፣ በቤዝቦል ከአሥር ሙከራ ሦስቱ የተሳካለት መቺ ጎበዝ ነው፤ ሁለት ብቻ የሚሳካለት ግን እንጀራው ያሰጋዋል።

እኔ በበኩሌ ይህን የስም ጨዋታ አልወደውም። አልቱቬን የምናውቀው ስለተሳካለት ነው። አጭር ተብለው ከተመለሱት ውስጥ በእርግጥም መመለስ የነበረባቸው ስንት ናቸው? እነሱን የሚጠራ የለም። ስም ጠርተህ የፈለግከውን ማስረዳት ትችላለህ፤ ለዚህም ነው ምንም የማያስረዳው።

ከስሞቹ ሁሉ ለእኔ የሚከብደው የማይክ ትራውት ነው። በ2009 የተመረጠው በ25ኛ ተራ ነው። የመረጠው ክለብ፣ ኤንጀልስ፣ 24ኛውም ተራ የእሱ ነበር። ያኔ መጀመሪያ የጠራው ራንዳል ግሪቹክን ነው። ግሪቹክም ደካማ አይደለም፤ ዋናው ሊግ ገብቶ ብዙ ዓመት ተጫውቷል። ትራውት ግን ሦስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። እንግዲህ ልጁን አይተው ወደውት የወሰዱት ሰዎች እንኳ ከእሱ በፊት ሌላ ስም ጠርተዋል።

ኃላፊው ትዕግሥቱ አለቀ። «ታዲያ ኮከብ ይሆናል ወይስ አይሆንም? አንድ ነገር ይበሉኝ» አላቸው።

«እኔ ጠንቋይ ነኝ?» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ረጋ ብለው ቀጠሉ። «ኮከብ ሊሆን ይችላል። ጉልበቱ እውነተኛ ነው፤ ያን አልነፍገውም። ግን እንደሱ ያለ ጉልበት፣ እንደሱም ያለ ዓይን ያላቸው ብዙ ልጆች አይቻለሁ። ጥቂቶቹ ገብቷቸው ተለወጡ። የቀሩት ሆም ረን እየመቱ ከዋናው ሊግ በታች፣ ማይነር ሊግ ውስጥ አረጁ። ገንዘቡን ለየትኛው ነው የምትከፍለው?»

ይህች ጥያቄ ክርክሩን ወደ ምድር አወረደችው። ድራፍት ላይ ክለብ ገንዘብ እንዳሻው አይረጭም። በመጀመሪያዎቹ አሥር ዙሮች ለእያንዳንዱ ተራ የተቀመጠ ዋጋ አለ፤ ድምሩም የክለቡ ጣሪያ ነው። ጣሪያውን ከ5 በመቶ በላይ ካለፉ የወደፊት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ይወሰድባቸዋል። ስለዚህ ለአንዱ ልጅ ያበዛኸው ከሌላው ላይ የቀነስከው ነው። ልጁ ደግሞ የኮሌጅ ጥሪ በኪሱ ይዟል፤ በርካሽ አይፈርምም።

መጨረሻ ላይ የተጻፈው እንዲህ ነው፤ ጉልበት ወደፊት 65፣ ኳስ አግኝቶ መምታት ወደፊት 40። ስሙ ግድግዳው ላይ ወደ ታች ወረደ፤ አልተነሳም። እኛ ተራችን ሳይደርስ ሌላ ክለብ ወሰደው። ኃላፊው ለሁለት ቀን አኮረፈ።

እኛስ ማንን ወሰድን? አንድ ወርዋሪ ነው። ክርኑ ላይ ያለው ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ከአንድ የውድድር ዘመን በላይ አልወረወረም። ስለዚህ ማንም ማንንም «አላልኩህም!» የማለት መብት የለውም።

ሥራዬ ላይ የተለወጠው ትንሽ ነገር ነው። አሁን ከፍጥነቱ ቀጥሎ ሁለት ዓምዶች አሉ፤ የዱላው ዓይነትና የወርዋሪው ደረጃ። ሁለቱ ካልተሞሉ ፍጥነቱ ስክሪኑ ላይ አይወጣም። መልማዮቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ስልክ መደወል ይጠይቃላ። ከልምምድ የመጣ ቁጥርና ከግጥሚያ የመጣ ቁጥርም አንድ መስመር ላይ አይቀመጡም።

ያ ልጅ አሁን ደብል ኤ ነው፤ ከዋናው ሊግ ሁለት እርከን በታች። ብዙ ተስፋ የተጣለባቸው ልጆች የሚፈተኑት እዚያ ነው፤ ምክንያቱም ወርዋሪዎቹ ስላይደርን በፈለጉት ቦታ ማሳረፍ ይችላሉ። ሆም ረኑ አሁንም ይታያል፤ ስትራይክ አውቱም (ኳስ ሳይመታ ከተራው መውጣቱም) በዚያው ልክ። ዘንድሮ ግን ከመምቻ ክልሉ ውጭ እየመጡ የሚሳሳባቸው ኳሶች ቀንሰዋል፤ ጎላ ብሎ ነው የቀነሱት። ለሽማግሌው ደውዬ ነገርኳቸው።

«በእንጨት ነው አይደል?» ብለው ሳቁ። ከዚያ «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ ነጥቡን አስተካክል» አሉኝ።

40 የነበረውን 45 አደረግኩት።