ቬሳክን በኬላኒያ የዋልኩበት ቀን

ለሥራ ወደ ኮሎምቦ ሄጄ በቆየሁባቸው ወራት፣ በየወሩ አንድ ቀን ሥጋ ቤቱም መጠጥ ቤቱም መዘጋቱ መጀመሪያ ላይ ግር ይለኝ ነበር። ቀኑ ፖያ እንደሚባል የነገሩኝ ቤታቸውን ያከራዩኝ እናት ናቸው። በስሪላንካ ጨረቃ የምትሞላበት ዕለት ሁሉ የመንግሥት በዓል ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1966 እስከ 1971 ባለው ጊዜ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ቀርተው የሥራ ዕረፍቱ በጨረቃ ደረጃዎች ይቆጠር ነበር። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም እየተባለ በሚዘከርበት ቤት ላደገ ሰው ወርኃዊ በዓል እንግዳ ነገር አይደለም። ለእኔ እንግዳ የሆነብኝ የአጠባበቁ መንገድ ነው።

ከፖያዎቹ ሁሉ የሚከበረው የግንቦቱ ቬሳክ ሲሆን የቡድሃ ልደት፣ ብርሃን ያገኘበትና ያረፈበት ቀን በአንድነት ይታሰብበታል። በቅኝ ግዛት ዘመን ቀርቶ የነበረው ይህ በዓል እንደገና የሥራ መዝጊያ ቀን የሆነው በአውሮፓውያኑ 1885 ነው።

አከራዬ ከንጋት በፊት ነጭ በነጭ ለብሰው ተነሡ፤ እኔም አብሬያቸው ከኮሎምቦ አጠገብ ወዳለው ወደ ኬላኒያ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ሄድኩ። የእህል ክምር ቅርጽ ካለው ነጭ ሐውልት አጠገብ፣ አሸዋው ላይ ሰሌን ያነጠፉ በርካታ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። መነኩሴው የቡድሃ መጻሕፍት በተጻፉበት በጥንታዊው የፓሊ ቋንቋ አንድ ሐረግ ይላሉ፤ ሕዝቡ ተቀብሎ ይደግማል። ይህንን «ሲል መውሰድ» ይሉታል፤ ሲል ማለት የምግባር ሥርዓት ነው። ምእመናን በአዘቦት የሚጠብቁት አምስት ሥርዓት ሲሆን በዚህ ቀን ስምንት ይሆናል፤ ከቀትር በኋላ አለመብላት፣ ከዘፈንና ከሽቶ መራቅ፣ በከፍተኛና በምቹ አልጋ አለመተኛት የሚጨመሩት በዚህ ዕለት ነው። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው የቃሉ አነጋገር ነው። «አትግደል፣ አትስረቅ» የሚል ትእዛዝ የለበትም፤ «ከዚህ ነገር መታቀብን ለልምምድ በራሴ ላይ እወስዳለሁ» ይላል። ሰጪም ተቀባይም ያው ሰውዬው ራሱ ነው። እኔ በትእዛዝ ሥር ያደግኩ ነኝ፣ ትእዛዙንም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን አንዲት የሰባ ዓመት እናት በገዛ አንደበታቸው ለአንድ ቀን ራሳቸውን ሲያስሩ ማየት ትልቅ ነገር ነው።

አበባ ሲያቀርቡም ቃል አለው። አከራዬ ይዘውት የሄዱትን ነጭ አበባ በሁለት እጃቸው አስቀምጠው በለሆሳስ ያሉትን ተረጎሙልኝ፦ ይህ አበባ እንደሚጠወልግ ሁሉ ሥጋዬም ወደ ጥፋት ይሄዳል። ጠዋት በጤዛ ርሶ የነበረው አበባ፣ እኩለ ቀን ላይ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ አየሁት።

ምሳ ከስድስት ሰዓት በፊት ተበላ፤ ከዚያ በኋላ ወተት የሌለው ሻይ ብቻ ነበር። «እናንተ አገር በጾም ቀን መቼ ነው የምትበሉት?» አሉኝ። አጽዋማችን ብዙ ጊዜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚጾም፣ አሁን ግን በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም እንደሌለብኝ አስረዳኋቸው። ሰዓቱ የተገለበጠ መሆኑ እርሳቸውንም እኔንም አስደነቀን።

ማታ ብቻዬን ወደ ከተማ ተመለስኩ። ከቀርከሃና ከስስ ወረቀት የተሠሩ ፋኖሶች በየደጃፉ በርተው ነበር። በየመንገዱ ዳንሳል የሚሉት የነጻ ድግስ ተዘርግቶ፣ ወጣቶች መኪና እያስቆሙ ለማያውቁት ሰው ሩዝና መጠጥ ያድላሉ። ዝክር አውጥታ ለመንገደኛ ሳይቀር «ቅመስ» የምትለው እናቴ ትዝ አለችኝ። አከራዬ ግን ትርኢትን መተው ከገቡት ቃል አንዱ ስለነበረ ያንን ሁሉ ብርሃን ሳያዩት አደሩ።

በማግስቱ ማለዳ ወደ አምስቱ ሥርዓት ተመልሰው ቤት መጡ። ከሁሉ የከበዳቸው ምን እንደ ነበር ጠየቅኋቸው። «ረኃቡ አይደለም» አሉኝ። «ማታ አጠገቤ ያለችው ሴት የጎረቤት ወሬ ስታነሣ ዝም ማለት ነው። ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ።» ይህንን ብለው ነጩን ልብሳቸውን ሊያጥቡ ወደ ጓሮ ወጡ።