ጥቅሉን የበላው ማነው?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለች የኮምፒውተር ጥገና ቤት ነው የምሠራው። ፎርማት እናደርጋለን፣ የተሰበረ ስክሪን እንቀይራለን፣ ወረቀት የሚይዝ ፕሪንተር እናስተካክላለን። አሁን አሁን ግን ሰው ይዞ የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ነው። «ዳታዬን ምን በላው?» ይሉናል።

የካቲት ላይ ነው። ጉሙ ከጦሳ ገና አልተነሳም። አንዲት እናት ነጭ ራውተር በፌስታል ይዘው ገቡ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ለመውጫ ፈተና ቤት ሆኖ ያጠናል። በራውተሩ ውስጥ ሲም ካርድ አለ፤ በየወሩ 10 ጊጋ ጥቅል ይሞሉበታል።

«ወር ይበቃል ብዬ የሞላሁት በዘጠኝ ቀን አለቀ» አሉኝ።

«እትዬ፣ የይለፍ ቃሉን ሌላ ሰው ያውቀዋል?»

ትንሽ አሰቡ። «የጎረቤቴ ልጅ ያውቀዋል። 12ኛ ክፍል ነው፤ ለፈተና እያጠና ነው ብዬ እኔው ነኝ የሰጠሁት።»

«እንግዲያው ተገኘ» አልኳቸው።

ይቺ ቃል እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች። አንድ ነገር ሳልለካ፣ አንድ ስልክ ሳልከፍት ነው ከአፌ የወጣችው። የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ፣ 200 ብር ተቀበልኩ፣ ሸኘኋቸው።

በስምንት ቀናቸው ተመልሰው መጡ። አዲሱም ጥቅል አልቋል። «አሁንስ ማነው?» አሉኝ። ልጃቸው ላፕቶፑን ይዞ አብሯቸው መጥቷል። ስከፍተው ክሮም፣ ኤጅ እና ኦፔራ የሚባሉት የኢንተርኔት መክፈቻዎች (ብሮውዘሮች) ሦስቱም ተጭነዋል። ችግሩ ብሮውዘሩ ነው ብዬ ደመደምኩ። ልጁን «ስልክህ ላይ ክሮም ውስጥ ግባና ዳታ ቆጣቢውን አብራው» አልኩት። ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። እኔም ተቀብዬው ፈለግኩ፤ የለም። ለካ ጉግል ያንን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2022 አንስቶታል። ከተነሳ በኋላም ስንቱን ደንበኛ «አብሩት» ብዬ ሸኝቻለሁ። ያን ዕለት ላፕቶፑ ላይ ፋየርፎክስ ጫንኩለት፣ ሌላ 200 ብር ተቀበልኩ። ጥቅሉ 11 ቀን ቆየ።

ሦስተኛ ጊዜ ሲደውሉ ሱቅ አትምጡ፣ እኔ ቤት እመጣለሁ አልኳቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በባጃጅ ወደ ሸዋበር ወረድኩ።

ቤቱ ውስጥ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ጀበናው ከሰል ላይ ነው። ራውተሩ መስኮት ላይ ተቀምጦ ዳንቴል ለብሷል። እጄን ሳሳርፍበት ይፋጃል፤ ዳንቴሉን አነሳሁት። ረከቦቱን ሳይ ሲኒው ሦስት ብቻ ነው። እትዬ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

«ድሮ ጎረቤቴ ሐጂና ቤተሰባቸው ሳይመጡ ቡና አይፈላም ነበር። ያ ልጅ ነው ጥቅሉን የጨረሰው ከተባለ ወዲህ ግን፣ እኔም መጥራት ከበደኝ፣ እነሱም መምጣት ተዉ። ቃሉን እንደቀየርኩት ልጁ አውቋል። ለሦስት ሰው ጀበና መጣድ ምኑ ቡና ነው?»

«የተባለው» ከኔ አፍ የወጣው ነው። ስኒውን አስቀመጥኩና ስልካቸውን እንዲሰጡኝ ጠየቅኳቸው።

በአንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ የዳታ አጠቃቀም የሚል ቦታ አለ። የሞባይል ዳታን ለብቻ፣ ዋይፋይን ለብቻ፣ እያንዳንዱ አፕ ስንት እንደበላ ይዘረዝራል። ሰው ሁሉ የሞባይሉን ያያል፤ የዋይፋዩን የሚከፍት የለም። ስከፍተው አናቱ ላይ የተቀመጠው ፎቶ የሚያስቀምጠው አፕ ነው። በአንድ ወር 11 ጊጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቋ ልጃቸው ጥር ላይ ኮምቦልቻ ተድራለች። እትዬ ከሽኝት እስከ መልስ ሁሉንም በስልካቸው ቀርጸዋል። ስልኩ ደግሞ የቀረጹትን ሁሉ ወደ ጉግል መጋዘን ይልካል፤ በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ሲመጣ ይቀጥላል። እሳቸው ተኝተው ስልኩ ሰርጉን ሲልክ ያድራል። ብዙ ሰው የሚያወርደው ብቻ የሚቆጠር ይመስለዋል። የሚላከውም ከዚያው ጥቅል ነው የሚቀነሰው።

ወደ ላፕቶፑ ዞርኩ። ዊንዶውስም እንደ ስልኩ የ30 ቀን ፍጆታ ያሳያል። ሲስተሙ ራሱን ለማደስ 6 ጊጋ ወስዷል። ቀጥሎ የልጁ የትምህርት ቪዲዮዎች፤ 9 ጊጋ። በ1080 ጥራት ነው የሚያያቸው፤ አስተማሪው ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ በ360ም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። በ360 የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በግምት 300 ሜጋ ይበላል፤ በ1080 ከ1 ጊጋ በደንብ ያልፋል። በዚያ ላይ አንዱ ሲያልቅ ቀጣዩ በራሱ ይጀምራል፤ ልጁ ራት ሲበላ እንኳ ላፕቶፑ ማስተማሩን አላቆመም። የሰርጉ የቴሌግራም ግሩፕም በሁለቱም ስልክ ላይ የመጣውን ቪዲዮ ሁሉ ሳይከፈት ያወርዳል፤ 3 ጊጋ ገደማ።

በወረቀት ደመርኩት። 29። በዚያ አንድ ወር የተሞሉት ሦስት ጥቅሎች 30 ጊጋ ናቸው። ወረቀቱን ለእትዬ አሳየኋቸው። መምህርት ናቸውና ድምሩን ራሳቸው በጣታቸው እየተከተሉ አረጋገጡ። ከዚያ ምንም አላሉም፤ በመስኮት ወደ ጎረቤታቸው በር ተመለከቱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ስልክና ኮምፒውተር «ዋይፋይ» ሲባሉ ነፃ መስመር አገኘን ብለው ነው የሚያስቡት። የተሠሩት የወር ክፍያ ተከፍሎ ኢንተርኔት ያለ ገደብ ለሚፈስበት ቤት ነው። «በዋይፋይ ብቻ ላክ» የሚለው ምርጫ እኛን ለመጠበቅ የመጣ ይመስለናል። የእትዬ ዋይፋይ ግን ያው ሲም ካርድ ነው፤ ስልክ ውስጥ በመሆን ፈንታ ራውተር ውስጥ ተቀመጠ እንጂ። ስለዚህ ለመሣሪያው «ይህ መስመር ቆጣሪ አለው» ብሎ መንገር የኛ ሥራ ነው። ዊንዶውስ ላይ የዋይፋዩን ስም ነክቶ «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ማብራት ነው፤ አብዛኛውን እድሳት ያዘገየዋል። አንድሮይድም በዋይፋዩ ዝርዝር ውስጥ ተመሳሳይ ምርጫ አለው። አይፎን ላይ «ሎው ዳታ ሞድ» ይባላል። በሁሉም ላይ አበራሁት። የፎቶ መላኩን አቆምኩ፤ ሰርጉን በላፕቶፑ በኩል ፍላሽ ላይ ገለበጥኩላቸው። የቴሌግራሙን በራሱ ማውረድም ዘጋሁት።

ልጁ ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆይቶ «ታዲያ ብሮውዘር መቀየሩ ዋጋ የለውም ነበር ማለት ነው?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘብ ተቀብዬበታለሁና በደንብ ልመልስለት ፈለግኩ።

ብሮውዘር ቪዲዮ አያቀልም። አንድ ሰዓት ቪዲዮ በክሮምም በፋየርፎክስም በዚያው ጥራት ከታየ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። የሚለየው ሌላው ነው። ክሮም፣ ኤጅ እና ኦፔራ ሦስቱም ክሮሚየም በሚባል አንድ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው። ሦስቱን መጫን ሦስት ዓይነት ጥቅም አያስገኝም። እያንዳንዱ ግን ለብቻው ራሱን ያድሳል፤ ክሮም በየጥቂት ሳምንቱ አዲስ እትም ያወጣል። አንድ ዋና ብሮውዘር ይበቃል፤ የግድ መታደስ የሚችል ይሁን። ዊንዶውስ 7 ያለባቸው ላፕቶፖች እስከ ዛሬ ይመጡብናል፤ እነሱ ላይ ክሮም 109ኛው እትም ላይ ቆሟል። በዚያ የባንክ ሥራ ሲሠራ ሳይ ሆዴ ይረበሻል።

ለልጁ ፋየርፎክስን ያቆየሁለት ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ማስታወቂያ ከልካይ ስለሚቀበልና ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር ማድረግ ስለሚቻል ነው። የዜና ገጽ ሲከፈት ብዙውን ጊዜ ከጽሑፉ ይልቅ ማስታወቂያው ይከብዳል፤ እሱ ሲቀር ገጹ ቶሎ ይከፈታል፣ ዳታም ይተርፋል። ለእትዬ ስልክ ለዜና ማንበቢያ ኦፔራ ሚኒን ጫንኩ። በከፍተኛ ቁጠባ ሲሠራ ገጹ መጀመሪያ ኦፔራ ኩባንያ ኮምፒውተሮች ጋ ይደርሳል፣ እዚያ ተጨምቆ ነው ወደ ስልክ የሚመጣው። ለዜና በጣም ጥሩ ነው። መሃል ላይ ሌላ እጅ ስላለበት ግን በዚያ ሁኔታ የባንክ ሂሳብ እንዳይከፍቱ ነገርኳቸው፤ ለሱ የባንኩን አፕ ይጠቀሙ።

ልጁ «ዳታ ይቆጥባል» ተብሎ ሁልጊዜ በኢንኮግኒቶ፣ የጎበኙትን በማያስቀምጠው የብሮውዘር መስኮት፣ ነበር የሚገባው። አይቆጥብም። እንዲያውም ሲዘጋ ያስቀመጠውን ሁሉ ስለሚጥል፣ በማግስቱ ያንኑ ገጽ ሲከፍት ምስሉንም ሎጎውንም እንደ አዲስ ያወርዳል። በየቀኑ ካሽ፣ ማለትም ስልኩ ለቀጣይ ጊዜ ያስቀመጠውን ፋይል፣ የሚጠርጉ የስልክ ማጽጃ አፖችም እንደዚያው ናቸው። እኛ ሱቅ ውስጥ በየሰዉ ስልክ ላይ ስንጭን ከርመናል። አሁን ትተነዋል። አለቃዬ አንድ ነገርም አስጀምሯል፦ ዳታ አለቀብኝ ብሎ የመጣ ሰው መጀመሪያ የእያንዳንዱ መሣሪያ የዋይፋይ ፍጆታ በደብተር ይመዘገብለታል። ከዚያ በፊት ዋጋ አንናገርም፣ «የሰረቀዎት አለ» አንልም።

ቶናው ሲጠጣ ከእትዬ ጋር ተነስተን ጎረቤት ሄድን። ሐጂ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሲያዩን ተነስተው ወንበር ሳቡ።

«ሐጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሳላይ ነው የተናገርኩት። ልጅዎ ምንም አልነካም» አልኳቸው።

ልጁ ከውስጥ ድምፃችንን ሰምቶ ወጣ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ዘረጋልኝ። የወሩን ፍጆታ ፎቶ አንስቶ አስቀምጦታል። በእትዬ ዋይፋይ የተጠቀመው 240 ሜጋ ነው፤ የፈተና ጥያቄና የመጽሐፍ ገጾች። ይህን ፎቶ አንድ ቀን የሚያምነው ሰው ሲመጣ ሊያሳይ ነው ያስቀመጠው። አቀርቅሬ «ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ» አልኩት።

«አብሽር» አሉ ሐጂ እጄን እየያዙ። «ሰው ነህ፤ ደግሞ መጥተህ ተናግረሃል።»

እትዬ የልጁን ራስ ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ። «በማርያም ይቅር በለኝ ልጄ» አሉት። ከዚያ ወደ ሐጂ ዞረው «ቡናው በረካው ቀርቷል፤ ኑ» አሉ።

ስንመለስ ከቁም ሳጥኑ አራት ሲኒ አወጡ። የተቀበልኩትን 400 ብር ረከቦቱ ጎን አስቀመጥኩ፤ አልቀበልም ብለው ሁለት ጊዜ መለሱልኝ፣ በሦስተኛው ተዉኝ። በረካው ሲቀዳ «ለልጁ አዲሱን ቃል ጻፍለት» አሉኝ። ልጁ ወረቀት አልያዘም። የሒሳብ ደብተሩን አገላብጦ ሰጠኝ፣ ከጀርባው ሽፋን ላይ ጻፍኩለት።