የሦስት ትውልድ እናቶችን ወሊድ እንዴት መዘገብኩ፤ ከባሶና ወራና

በኢትዮጵያ ውልደት እየቀነሰ መሆኑን ለማወቅ ከደብረ ብርሃን መውጣት አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ታትሞ ተቀምጧል። በ1990 እ.ኤ.አ. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 6.4 ልጅ ትወልዳለች ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች በ2000 5.5፣ በ2005 5.4፣ በ2011 4.8፣ በ2016 ደግሞ 4.6 አገኙ። አማራ ክልል ብቻውን ሲታይ የ2016ቱ ቁጥር 3.7 ነው፤ አዲስ አበባ 1.8፣ ሶማሌ ክልል 7.2። እኔ ማየት የፈለግኩት ከእነዚህ ቁጥሮች በስተጀርባ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለው በባሶና ወራና ወረዳ፣ በአንድ የገጠር ቀበሌ ቤት ውስጥ ምን እንደተለወጠ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያዬ አያትን፣ ልጅንና የልጅ ልጅን እያገኘሁ የወሊድ ታሪካቸውን መዘገብኩ።

መጀመሪያ የጥያቄው አቀራረብ። በእኛ አገር አንዲትን ትልቅ ሴት «ስንት ልጅ አለዎት?» ብትሏት ያሉትን ትነግራችኋለች፤ የሞተውን አታነሳም። ስለዚህ እንደ ሕዝብ ቆጠራው ከፋፍዬ ጠየቅኩ፦ አብረው የሚኖሩ ወንዶች ስንት፣ ሴቶች ስንት፤ ሌላ ቦታ የሚኖሩስ፤ በሕይወት ተወልደው የሞቱስ። አንዲት እናት ገብስ እያበጠሩ «አምስት» አሉኝ። ስለሞቱት ስጠይቅ ሰፌዱን አስቀመጡና «እሱንም ትቆጥሪዋለሽ እንዴ ልጄ?» አሉ። ከዚያ በጣታቸው ጀመሩ። አራት ተጨመሩ። አንደኛው ክርስትና ሳይነሳ የሞተ ነበር፤ እሱን ያስታወሱት ምራታቸው ከማጀት ሆና «የሚካኤል ዕለት የተወለደውስ?» ስትላቸው ነው። ከዚያ ወዲህ «አልቅሶ ወዲያው የሞተ፣ ክርስትና ሳይነሳ ያለፈ ነበር?» የሚለውን በየቤቱ ለይቼ ጠየቅኩ። የእነዚህ ሕፃናት መረሳት የድሮውን ውልደት ዝቅ ያደርገዋል፤ የድሮው ዝቅ ካለ ደግሞ ለውጡ ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላል።

ሁለተኛው ጣጣ ዕድሜ ነው። የልደት ወረቀት ያላት አያት አላገኘሁም። ያዘጋጀሁት የክስተቶች ዝርዝር ነበር፦ ንጉሡ የወረዱበት 1967፣ የ77 ድርቅ፣ ደርግ የወደቀበት 1983፣ የኤርትራ ጦርነት፣ ምርጫ 97፣ ሚሊኒየሙ። «ደርግ ሲወድቅ ይህ ልጅ ይሄድ ነበር ወይስ ጡት ላይ ነው?» ሲባሉ እናቶች አይሳሳቱም ማለት ይቻላል። ወሩን ደግሞ በዓላቱና ክርስትናው ያወጡታል፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚነሱ ከክርስትናው ወደ ኋላ መቁጠር ቀላል ነው። ወደ ፈረንጅ ዘመን የምትቀይሩ ከሆነ ግን በጅምላ ስምንት አትደምሩ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት የሚጨመረው ሰባት ነው። የአንድ ዓመት ስሕተት ለአያቶቹ ብዙም ላይጎዳ ይችላል፤ ለወጣቶቹ ግን ስሌቱን ያዛባል።

አንዲት ሴት በአማካይ ስንት ትወልዳለች የሚለው ስሌት ራሱ ከባድ አይደለም። ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችን በአምስት አምስት ዓመት ሰባት ቦታ ትከፍላላችሁ። ለእያንዳንዱ ክፍል ባለፉት ሦስት ዓመታት የተወለዱትን ሕፃናት ሴቶቹ በዚያ ዕድሜ ላሳለፏቸው ዓመታት ታካፍላላችሁ። ሰባቱን ደምራችሁ በአምስት ማባዛት ነው፤ ድምሩ በሺህ 920 ከሆነ 4.6 ይወጣል። አንድ ቀበሌ ለዚህ ትንሽ ስለሆነ እኔ ምጣኔውን አውጥቼ አልለጠፍኩም፤ ወልደው የጨረሱትን እናቶች በትውልድ በትውልድ ማወዳደሩን መረጥኩ።

መጠይቁን ለሌላ ሰው የምትሰጡ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። በትልልቅ ጥናቶች አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ሁሉ ስለ ክትባት፣ ስለ ጡት፣ ስለ ተቅማጥ ብዙ ጥያቄ ይከተላል። የደከመው መረጃ ሰብሳቢ የልጁን ልደት ትንሽ ወደ ኋላ ቢገፋው ያ ሁሉ ይቀርለታል። ስለዚህ የክትባት ካርድ ያሳዩኝ ማለት ይበጃል። ብዙዎቹ በፌስታል ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውታል።

ያገኘሁት ነገር ያልጠበቅኩት ዓይነት ነበር። ዘጠኝ የወለደችው አያትና አምስት የወለደችው ልጅ በቤታቸው ያሳደጉት የልጅ ቁጥር ተቀራራቢ ነው። በአገር ደረጃ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት በ2000 እ.ኤ.አ. ከሺህ 166 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 67 ወረዱ። አያቶቹ የሚያድገው ስለማይታወቅ ወለዱ፤ ልጆቻቸው የወለዱት ሲያድግ አዩ። ከዚያ በኋላ ነው የመሬቱ ጥያቄ የመጣው። «ለማን አካፍላለሁ?» የሚለውን የሰማሁት ከወንዶቹ ነው፣ ደጋግሜ። ሴቶቹ የሚያወሩት ስለ ማራራቅ ነው፤ «በቃኝ» ከማለት ይልቅ «ይቺ ትጠንክርልኝ» ይላሉ። የወሊድ መከላከያ ዘዴውም ለዚህ ተመቻቸ፦ በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የሦስት ወሩን መርፌ ቀበሌ ድረስ አመጣው፤ ከ2009 በኋላ ደግሞ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው በጤና ኬላ ይሰጥ ጀመር። በአገሪቱ ባለትዳር ሴቶች ዘንድ ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት በ2000 6 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 35 በመቶ ሆኑ። መርፌው የሚመረጠው ባል ሳያውቅ ስለሚወሰድም ጭምር ነው። ይህን ለመስማት ባልና አማት ከአጠገብ እስኪርቁ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይሆናል።

የልጅ ልጆቹ ጉዳይ ሌላ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን 18 አድርጎታል፤ ሕጉ ብቻውን ያለ ዕድሜ ጋብቻን አላስቀረም፤ ትምህርት ቤቱ ግን ያዘገየዋል። እናቷ በ14 ዓመቷ የተዳረች ልጅ አሥረኛ ክፍልን ስትፈተን አገኘኋት።

በመጨረሻ ያስተዋልኩት ጉድለት፦ ቀበሌ ውስጥ ያገኘኋቸው ወጣት ሴቶች የቀሩት ናቸው። የሄዱት ደብረ ብርሃን ፋብሪካ፣ አዲስ አበባ ሰው ቤት፣ አረብ አገር ናቸው፤ ብዙዎቹም ገና አልወለዱም። እነሱን የተዉ መዝገብ የወጣቶቹን ውልደት ከፍ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ እናቶችን ስለሄዱት ሴት ልጆቻቸውም ጠየቅኳቸው፦ አገባች ወይ፣ ወለደች ወይ፣ በስንት ዓመቷ። የእናት መልስ ከልጅቷ አፍ የሚሰማውን አይተካም፤ ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ በተለየ ረድፍ አስቀመጥኩት።