ታብሌትዎን ከማስዋብዎ በፊት ሚዛን ላይ ያውጡት

ታብሌት ከላፕቶፕ የሚመረጠው ስለሚቀልል ነው። 11 ኢንቹ አይፓድ ኤር ኤም 2 ብቻውን 462 ግራም ይመዝናል። ኪቦርድና ትራክፓድ ያለው መሸፈኛ ሲገባበት ግን ብዙ ጊዜ አንድ ኪሎ ይደርሳል፣ አንዳንዴም ያልፋል። ቀለል ያለ ላፕቶፕ ደግሞ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ መሸፈኛ ሲመርጡ ከቀለሙና ከስፌቱ በፊት ግራሙን ይጠይቁ፤ ካልተጻፈ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑት። ከታብሌቱ ግማሽ በላይ የሚመዝን መሸፈኛ የቱንም ያህል ቢያምር በአንድ እጅ ይዞ ለማንበብ አይሆንም።

ቀጥሎ የሚታየው ከምን እንደተሠራ ነው። ሌዘር ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው መሸፈኛ አብዛኛውን ጊዜ ጨርቅ ላይ የተለበጠ ፖሊዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ ነው። እርጥበት፣ ላብና ሙቀት ልባጡን እያዳከሙት ይሄዳሉ። መጀመሪያ ማጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ እየተላጠ ቦርሳ ውስጥ ይረግፋል። ቅባት ቢቀቡትም አይድንም፤ ቅባት የሚጠጣው እውነተኛ ቆዳ ብቻ ነው። ለመለየት የተቆረጠውን ጠርዝ ጠጋ ብሎ ማየት ነው፦ ቆዳ ከሆነ የተጠላለፈ ጭረት (ቃጫ) ይታያል፣ ልባጥ ከሆነ ከላይ ስስ ፕላስቲክ ከታች ሽመና። ጠርዙ በቀለም ተደፍኖ ምንም የማይታይ ከሆነ ይጠርጥሩ። መስታወት የሚመስለው፣ ቲፒዩ ከሚባል ተጣጣፊ ፕላስቲክ የተሠራ ጀርባ በፀሐይና በሙቀት ቢጫ ይሆናል፣ ታጥቦም አይለቅም። ቲፒዩ ከወደዱ ጠቆር ያለ ቀለም ይምረጡ። ሲሊኮን ለእጅ ደስ ይላል፣ ግን የልብስ ብናኝ ይሰበስባል።

ክዳኑ ሲዘጋ ስክሪኑን የሚያጠፋው ሆል ሴንሰር የሚባል፣ ማግኔት ሲጠጋው የሚያውቅ ትንሽ መለያ ነው። ለሌላ ሞዴል የተሠራ ክዳን ማግኔቱ በትክክል ቦታው ላይ ስለማያርፍ ስክሪኑ ተከድኖም ይበራል፣ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ባትሪ ይጨርሳል። ከመግዛትዎ በፊት ክዳኑን ዘግተው ወደ ጎን ትንሽ ገፋ ያድርጉት፤ በጠርዙ በኩል ብርሃን ከታየ ይተዉት። ክዳኑን ወደ ኋላ አጥፈውም ይሞክሩ፤ እያነበቡ ስክሪኑ የሚጠፋ ከሆነ ያው ችግር ነው።

ከገበያው ሁሉ አብልጠን የምንወደው ግን በእጅ የሚሰፋ የፌልት ኪስ ነው። ፌልት የሱፍ ጭረት ታሽቶና ተጠቅጥቆ የሚሠራ፣ ሽመና የሌለው ጨርቅ ነው፤ ሲቆረጥ ስለማይተረተር ጠርዙን መቀምቀም አያስፈልግም። 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ይበቃል። ሱፍ መሆኑን ለማወቅ ከዳሩ ትንሽ ጭረት ነቅለው ያቃጥሉ፦ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቅቃል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ዶቃ ይሆናል። ፖሊስተሩ ቶሎ ፀጉር ያወጣና ያረጀ ይመስላል።

ልኩ እንዲህ ይወጣል። የታብሌቱ ወርድ ላይ ውፍረቱን ይደምሩ፣ 4 ሚሊሜትር ለማላወሻ ይጨምሩ፣ ከዚያ በግራና በቀኝ ለስፌት 6፣ 6 ሚሊሜትር። ከላይ ላለው አይፓድ 178.5 ሲደመር 6.1 ሲደመር 4 ሲደመር 12 ነው፤ 200 ሚሊሜትር ብለው ይቁረጡ። ቁመቱ ለሁለቱ ገጾች 254፣ 254፣ ለታችኛው እጥፋት 10፣ ለክዳኑ 70፤ በድምሩ 588 ስለሚሆን 590 ይበቃል። ስክሪን ላይ የሚጻፍበትን ብዕር ጎኑ ላይ በማግኔት ለጥፈው የሚይዙ ከሆነ ወርዱ ላይ 9 ሚሊሜትር ያክሉ። ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው፦ ኪሱ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ብዕሩ አፉ ላይ ይያዛል።

የሚቆረጠው በመቀስ ሳይሆን በብረት ማስመሪያና በአዲስ ምላጭ ነው፤ ሳይጫኑ ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ። መቀስ ወፍራም ፌልት ላይ ጠርዙን ያጋድለዋል። ጨርቁን አጥፈው በቆንጣጭ ይያዙ፣ ከጠርዙ 6 ሚሊሜትር ገባ ብለው በየ5 ሚሊሜትሩ በወስፌ ይብሱ። በሰም የታሸ 0.8 ሚሊሜትር ክር ለአንድ ጎን 1.3 ሜትር ገደማ ይወስዳል። ክሩን በሁለቱም ጫፍ መርፌ ላይ ይሰኩና ሁለቱን መርፌዎች በአንድ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ያሳልፉ። እንዲህ ሲሰፋ አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። አፉ ጋ ሲደርሱ ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሰው ይቋጩ፤ ኪሱ ሁልጊዜ የሚቀደደው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ ላይ ጠበብ ቢል ይሻላል፣ ፌልት በሳምንት ውስጥ ይለቅቃል። ለክዳኑ ማግኔት አይስፉበት፤ ያንኑ ሆል ሴንሰር ያታልላል፣ ኮምፓሱንም ያዛባል። የላስቲክ ማሰሪያ ይበቃል። ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ፤ ሙቅ ውሃ ሱፉን ያኮማትረዋል፣ ታብሌቱም ከዚያ ወዲያ አይገባም።

ብዕር ላይ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ባለመጣጣም ነው። የ2018ቱ ሁለተኛ ትውልድ አፕል ፔንሲል ከ2024ቱ አይፓድ ፕሮ ጋር አይሠራም፤ በ2023 የወጣው የዩኤስቢ ሲው ዓይነት ደግሞ የእጅን ጫና አይለይም፣ ለማስታወሻ እንጂ ለሥዕል አይመከርም። የሳምሰንግ ኤስ ፔን ለመጻፍ ባትሪ አይፈልግም፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከስክሪኑ ነው። ባለ ጎማ ጫፉ ርካሽ ብዕር በማንኛውም ታብሌት ይሠራል፣ ግን እንደ ጣት ነው፤ መዳፍዎ ስክሪኑን ከነካ እሱም ይጽፋል።

ወረቀት ወረቀት የሚለው ሻካራ የስክሪን ልጣፍ ለእጅ ጽሑፍ እውነትም ይጥማል። ዋጋው ግን ሌላ ቦታ ይከፈላል፦ የብዕሩን ጫፍ እንደ አሸዋ ወረቀት ይሞርደዋል፣ ነጭ ገጽ ላይም ቀለም የረጩበት የሚመስል ነቁጥ ይታያል። ሲጽፉ ለጥፈው ፊልም ሲያዩ የሚያነሱት በማግኔት የሚይዝ ዓይነት አለ፤ እኛ የምንመርጠው እሱን ነው። የመስታወት መከላከያ ላይ ስለሚጻፈው 9ኤች ደግሞ አይታለሉ፤ የእርሳስ ጥንካሬ ፈተና ውጤት ነው፣ ከማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ ጋር አይገናኝም። አሸዋ ይጭረዋል።

ለመተየብ ከታብሌቱ የማይነጠል ኪቦርድ አያስፈልግም። ብቻውን የሚቆም የብሉቱዝ ኪቦርድና የሚታጠፍ የአሉሚኒየም መቆሚያ ስክሪኑን ከኪቦርዱ ያርቁልዎታል፣ አንገትም አይጎብጥም፤ የማይጽፉ ቀን ሁለቱም ቤት ይቀራሉ። ችግሩ ጉልበት ላይ አስቀምጦ ለመተየብ አለመመቸቱ ነው። መቆሚያውን ሲገዙ የስክሪኑን የላይኛውን ጥግ በጣት ነካ ያድርጉ፤ ከተወዛወዘ በብዕር አይጻፍበትም። ንባብ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ዕቃ ይልቅ ስክሪኑ ወረቀት የሚመስል የኢ ኢንክ ማንበቢያ ይሻለዋል፦ ፀሐይ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ባትሪውም ለሳምንታት ይቆያል።

ፓወር ባንክ ሲገዙ የሚያዩት ዋት ሰዓቱን፣ ማለትም የሚይዘውን የኃይል መጠን ነው። 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። በቮልቴጅ ለውጡና በሙቀት ሲሶው ይባክናል ብለው ያስቡ፤ 29 ዋት ሰዓት ገደማ የሚይዝ ታብሌት አንድ ጊዜ ሞልቶ ለሁለተኛው ሁለት ሦስተኛ ያህል ይተርፈዋል። ኬብሉ ጫፉ በ90 ዲግሪ የታጠፈ ቢሆን ታብሌቱ በጎኑ ሲቆም ሶኬቱ አይጎብጥም።